የቦውሊንግ ሌኑ ደርቆ ሲጠብቃችሁ፦ እግር ልቀይር፣ ኳስ ልቀይር ወይስ አጣጣል?

የሁለተኛ ሺፍት የቦውሊንግ ሊግ፣ ማለት ሌላ ሊግ ከጨረሰ በኋላ ማታ ምትጫወቱ ሰዎች ይሄን ነገር በደንብ ታውቁታላችሁ። ባለፈው ሳምንት ፖኬት ውስጥ (1 እና 3 ቁጥር ፒን መሀል) ስትገባላችሁ የነበረች ኳስ፣ ያው ቦታ ቆማችሁ ሌኑ ላይ ለማነጣጠሪያ ከተሳሉት ቀስቶች ያው ቀስት ላይ ጥላችኋት፣ ገና መንገዱን ሳታጋምስ ወደ ግራ መዞር ትጀምርና የፊቱን ፒን አፍንጫው ላይ ትመታዋለች፣ ከዛ 4፣ 6፣ 7 እና 10 ቁጥር አራቱም ማዕዘን ላይ ቆመው ይቀራሉ። አንዴ ሲሆን የራሳችሁ ስህተት ይመስላችኋል፣ ሁለቴ ሲሆን እጃችሁን መጠራጠር ትጀምራላችሁ፣ ሦስተኛው ላይ አብዛኛው ሰው ሚያደርገው ነገር ኃይል ጨምሮ መጣል ነው፣ እሱ ደሞ ካሉት አማራጮች ሁሉ መጨረሻ መምጣት ያለበት ነው። ለዛ ነው ይሄን ምጽፈው፣ አማራጮቹን አንድ በአንድ እያወዳደርኩ የትኛው ለማን እንደሚሆን ልንገራችሁ።

እኔ ምጫወተው እዚ ቨርጂኒያ ነው፣ ሊጋችን ከምሽቱ 3 ሰዓት ይጀምራል፣ በፈረንጅ 9 ሰዓት ማለት ነው። ከኛ በፊት ሌላ ሊግ አለ። በአንድ ጥንድ ሌን ሁለት ቲም፣ በየቲሙ 4 ሰው፣ ሰው በነፍስ ወከፍ 3 ጌም፣ ይሄ 24 ጌም ነው፣ አንድ ጌም በአማካይ 16 ውርወራ ብትሉት እንኳን እኛ ጫማ ስናስር እዛ ጥንድ ላይ ከ350 በላይ ኳስ ተጥሏል። ከነሱ በፊት ደሞ ከትምህርት ቤት ሚመጡ ልጆችና የልደት ፓርቲ አለ። ዘይቱ ሚቀባው በቀን አንዴ ከሆነ እኛ ምናገኘው የተረፈውን ነው፣ በቃ።

ለማያውቅ ሰው፣ ሌን ላይ ዘይት ይቀባል። ከፋውል ላይኑ (እግር ማያልፈው የመወርወሪያ መስመር) እስከ ፊቱ ፒን 60 ጫማ ነው፣ ወርዱ 39 ቦርድ (ቀጫጭን ጣውላ ማለት ነው፣ ለቀኝ እጅ ሰው ከቀኝ ነው ሚቆጠረው)፣ አብዛኛው ሀውስ ፓተርን ሚባለው አቀባብ ዘይቱን እስከ 40 ጫማ አካባቢ ያደርሰዋል፣ መሀሉን ወፍራም ጠርዙን ስስ አርጎ። ምጣድ ስታሰሱ አስቡት፣ በደንብ የታሰሰ ምጣድ ላይ እንጀራው ይንሸራተትላችኋል፣ ያልታሰሰችው ቦታ ላይ ግን ይይዛል ይቀደዳል። ኳሱም እንደዛ ነው፣ ዘይት ላይ ይንሸራተታል፣ ደረቅ ላይ ይይዛል፣ ሲይዝ ይታጠፋል። የድሮ የፕላስቲክ ኳስ ዘይቱን ወደፊት ይገፋው ነበር እንጂ ብዙም አያነሳም፣ በፈረንጅ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የመጣው ሪአክቲቭ ሚባለው ኳስ ግን ቆዳው ላይ በዓይን ማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት፣ ዘይቱን ይመጠዋል። ማታ ላይ ሌኑ ሚደርቀው ለዛ ነው፣ ሁሉም ሰው ከሌኑ እየጠጣ ነው ሚሄደው።

ከዚ በኋላ ምጽፈው ለቀኝ እጅ ተጫዋች ነው፣ ግራኞች ገልብጡት። ግራኞች ላይ ግን አንድ ነገር ልበል፣ በነሱ በኩል ሚጥለው ሰው ጥቂት ስለሆነ ጎናቸው ቶሎ አይደርቅም፣ ስለዚ ቲማችሁ ውስጥ ግራኛ ካለ እሱ ምንም አልተቀየረም ስላለ እናንተ ተሳስታችኋል ማለት አይደለም።

መጀመሪያ ድርቀቱ የት ነው?

ይሄን ሳትመልሱ አማራጭ ማወዳደር አይቻልም፣ ምክንያቱም ሦስት ዓይነት ድርቀት አለ መድኃኒታቸውም ይለያያል።

አንደኛው ትራኩ ብቻ የተቃጠለበት ነው። ብዙ ሰው ሁለተኛው ቀስት ላይ፣ ማለት 10ኛው ቦርድ አካባቢ ስለሚጥል እዛ መስመር ላይ ዘይቱ ያልቃል፣ ከሱ በስተግራ ግን መሀል ላይ ገና ብዙ ዘይት አለ። ሁለተኛው መጀመሪያው የደረቀበት ነው፣ ሄድስ ምንለው፣ ከፋውል ላይኑ እስከ ቀስቶቹ ያለው 15 ጫማ አካባቢ። ሦስተኛው ሌኑ ራሱ ያረጀበት ነው፣ ዘይት ቢቀባም ገጽታው ተፍቆ ስለሻከረ እዛ ቦታ ላይ ሁሌ ይይዛል። የድሮ የእንጨት ሌን ያላቸው ቤቶች ላይ ይሄ በዓይን ይታያል፣ መብራቱ በጎን ሲመታው ትራኩ ላይ ስንት ዓመት የወረደበት ኳስ ሁሉ የሄደበት መስመር ደብዛዛ ሆኖ ታዩታላችሁ።

እንዴት እንደምለያቸው ልንገራችሁ። ኳሱ ተመልሶ ሲመጣ ከማንሳቴ በፊት ቆዳውን አየዋለሁ። ዘይት ያለበት ሌን ላይ ኳሱ ዙሪያውን ቀጫጭን የዘይት ቀለበቶች ይዞ ይመጣል፣ ጎን ለጎን የተሰመሩ፣ በፎጣ ስትጠርጉት ፎጣው ላይ ሚያብረቀርቅ እርጥብ ነገር ይቀራል። ትራኩ ብቻ ሲቃጠል ቀለበቶቹ አሉ ግን ስስ ናቸው። ሄድሱም ሲደርቅ ፎጣችሁ ላይ ሚቀረው ከማሽኑ ቀበቶ የመጣ ግራጫ አቧራ ብቻ ነው፣ እርጥበት ሚባል የለም።

ሁለተኛው ምልክት ፒኖቹ ናቸው። ኳሱ ከፍ ብሎ፣ ማለት ወደ ፊቱ ፒን መሀል በጣም ተጠግቶ፣ ገብቶ 4 ቁጥር ብቻውን ከቀረ ወይም 4 እና 9 ከቀሩ፣ ወይም ደሞ ጭራሽ ተሻግሮ በግራ በኩል ከመታ፣ ችግሩ መጠምዘዙ በዝቷል ነው። ግን ፖኬት ውስጥ በደንብ ገብቶ 10 ቁጥር ቆሞ ከቀረና 6 ቁጥር 10 ቁጥርን ሳይነካው ፊት ለፊቱ ቦዩ ውስጥ ተኝቶ ካያችሁት፣ ያ ሌላ ነገር ነው፣ ኳሱ ቀድሞ ታጥፎ ጉልበቱን ጨርሶ ነው የደረሰው። ዳገት ሮጦ ጫፍ ላይ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው። ብዙ ሰው ይሄንን አይቶ ዕድል ነው ብሎ ያልፈዋል፣ ግን ሄድሱ እንደደረቀ ከሁሉም ቀድሞ ሚነግራችሁ እሱ ተኝቶ የቀረው 6 ቁጥር ነው። በሚቀጥለው ፍሬም (ተራ) ላይ አፍንጫ መምታት ይመጣል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ፣ እዛ ጋ ነው መንቀሳቀስ ያለባችሁ።

አማራጭ አንድ፦ እግር ማንቀሳቀስ

ነፃ ነው፣ ወዲያው ይሞከራል፣ ካልሰራ ትመለሳላችሁ። ስለዚ ትራኩ ብቻ ከተቃጠለ ሌላ ነገር አታስቡ፣ እግር ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው፣ ቀስቶቹ 15 ጫማ ላይ ናቸው፣ ከዛ ወደ ፒን 45 ጫማ ይቀራል፣ አንድ ለሦስት። ዒላማችሁን ሳትቀይሩ እግራችሁን አንድ ቦርድ ወደ ግራ ብትወስዱ ኳሱ ፒን ጋ ሲደርስ ሦስት ቦርድ ያህል ወደ ቀኝ ይሄዳል። ለዛ ነው ከፍ ብሎ ትንሽ ብቻ ሲስት እግር ብቻ ምናንቀሳቅሰው፣ ሌኑ በደንብ ሲቀየር ግን እግር 2 ቦርድ ዓይን (ዒላማችሁ ማለት ነው) 1 ቦርድ ወደ ግራ፣ ወይ እግር 3 ዓይን 2። ዓይንም አብሮ ሚሄድበት ምክንያት ዒላማው ያው ሁለተኛ ቀስት ከሆነ ኳሱ አሁንም እዛው የተቃጠለ መስመር ላይ ነው ሚያልፈው፣ ማዕዘኑ ብቻ ነው የተቀየረው። ዘይት ያለበት ቦታ ላይ ማሳለፍ ነው የተፈለገው።

እዚ ጋ ሰው ሚሳሳተው በመፍራት ነው። አንድ ቦርድ ይንቀሳቀሳል፣ ትንሽ ይሻላል፣ እንደገና ከፍ ይላል፣ ደሞ አንድ ቦርድ፣ ሌኑን እየተከተለው ነው እንጂ እየቀደመው አይደለም። በቲማችን ውስጥ ትልቅ ሰው አሉ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው ምንላቸው፣ ዲሲ ከመጡ ጀምሮ ቦውሊንግ ሚጫወቱ፣ አንድ ማታ ስድስተኛ ፍሬም ላይ አንድ አንድ ቦርድ ስንቀሳቀስ አይተው ዝም ብለው ቆዩና «አንተ ልጅ፣ ውሃው ውስጥ ከገባህ ግባ፣ ዳር ዳር ላይ እግርህን ምን ታርሳለህ» አሉኝ። አምስት ግራ ሦስት ዓይን ሄድኩ። ኳሷ ቀስቶቹን አልፋ ስትንሸራተት ድምፅ እንኳን አልነበራትም፣ ደረቅ ላይ ስትሄድ ያ ሚያንሿሿ ድምፅ አለ አይደል፣ እሱ ጠፋ። ከዛ ጀምሮ ከሁለት ቦርድ በታች መንቀሳቀስ ትቻለሁ፣ ሌኑ አዲስ ካልሆነ በቀር።

ገደቡ ግን አለ። ወደ ግራ በሄዳችሁ ቁጥር ኳሱን ወደ ቀኝ ወርውራችሁ እንዲመለስ መጠበቅ አለባችሁ፣ ለመመለስ ደሞ ሬቭ ያስፈልጋል፣ የማሽከርከር ብዛት ማለት ነው። በደቂቃ ከ300 በታች ሚያሽከረክር ሰው አራተኛው ቀስት ላይ ሆኖ ወደ 8ኛ ቦርድ ቢልክ ኳሱ አይመለስለትም፣ ወይ ደክሞ ይመለሳል። ሌላው ገደብ መሀሉና ዳሩ መካከል ያለው ልዩነት በጣም ሲሰፋ ነው፣ አንድ ቦርድ ወደ ግራ ስታችሁ ብትጥሉ ይንሸራተትና አይመለስም፣ አንድ ቦርድ ወደ ቀኝ ብትስቱ ዘሎ ይመለስና አፍንጫ ይመታል። እዛ ደረጃ ላይ ስትደርሱ እግር አልቋል፣ የኳስ ጊዜ ነው።

አማራጭ ሁለት፦ ኳስ መቀየር

ይሄ ላይ ረዘም አርጌ ነው ምጽፈው ምክንያቱም ብዙ ገንዘብ ሚባክነው እዚ ጋ ነው፣ ሰው ፕሮ ሾፕ (የቦውሊንግ ዕቃ ሱቅ) ሄዶ ሲገዛ ሁሌ ሚፈልገው ጠንካራውን፣ ብዙ ሚታጠፈውን ነው። በሁለተኛ ሺፍት ሊግ ያ ኳስ በወር አንዴ ነው ሚያስፈልጋችሁ። ለደረቅ ሌን ሚሆነው ደካማው ኳስ ነው፣ ደካማ ሲባል መጥፎ ማለት አይደለም፣ ቶሎ ማይነቃ ማለት ነው።

ሦስት ነገር ነው ምታዩት። ቆዳው (ውጪው የተሠራበት ነገር)፣ ገጽታው (ሻካራነቱ)፣ ኮሩ (ውስጡ ያለው ክብደት)። ገጽታውን ልጀምር፣ ምክንያቱም ያላችሁን ኳስ ሳትቀይሩ መቀየር ሚቻለው እሱ ነው። ኳስ እንደ ብርጭቆ ወረቀት በቁጥር ነው ሚፈጋው፣ 500 ሻካራ ነው ቶሎ ይይዛል፣ 2000 መካከለኛ፣ 4000 ለስላሳ፣ ከዛ በላይ ፖሊሽ። ያው ኳስ 1000 ላይና ፖሊሽ ሆኖ ሁለት የተለያየ ኳስ ነው በሉት። ግን ይሄን ቤት ወይ ፕሮ ሾፕ አስቀድማችሁ ነው ምታደርጉት፣ ሊጉ የዩኤስቢሲ፣ የአሜሪካ የቦውሊንግ ማኅበር፣ ሰርተፊኬት ካለው ጨዋታ ከተጀመረ በኋላ ገጽታ መፍጋት ክልክል ነው፣ በፈረንጅ ከ2019 ኦገስት ጀምሮ ደሞ በጨዋታ መሀል በፈሳሽ ማጽጃ መጥረግም አይቻልም፣ ደረቅ ፎጣ ብቻ። ስለዚ ማታ ላይ ደርቆ ስታገኙት ማድረግ ምትችሉት ቦርሳችሁ ውስጥ ያለውን መምረጥ ብቻ ነው፣ ዝግጅቱ ሊጉ ባለበት ማክሰኞ ማታ ሳይሆን ሰኞ ነው።

ኮሩ ላይ ሁለት ቁጥር አለ ሳጥኑ ላይ ወይም ድረ ገጹ ላይ ታዩታላችሁ፣ አርጂ እና ዲፈረንሻል። አርጂ ከ2.46 እስከ 2.80 ነው ሚፈቀደው፣ ከፍ ሲል ኳሱ ቆየት ብሎ ነው መንከባለል ሚጀምረው። ዲፈረንሻል ከ0.060 አይበልጥም፣ ዝቅ ያለ ሲሆን ኳሱ እየተንከባለለ አዲስ አዲስ የቆዳ ክፍል እያቀረበ አይሄድም፣ ስለዚ ያነሰ ይይዛል። ለደረቅ ሌን ከፍ ያለ አርጂ ዝቅ ያለ ዲፈረንሻል፣ ሲሜትሪክ (ጎንና ጎኑ እኩል የሆነ) ኮር፣ ፐርል ሚባለው ሚያብረቀርቅ ቆዳ፣ ፖሊሽ። ሁሉም ኩባንያ ዝርዝሩ ግርጌ ላይ እንደዚ ዓይነት ኳስ አለው፣ ለጀማሪ ተብሎ ሚሸጠው፣ ዋጋውም ከሁሉም ያነሰ ነው። እኔ ከቦርሳዬ አንድ ብቻ ይዘህ ሂድ ብትሉኝ እሱን ነው ይዤ ምሄደው።

አሁን ሰው ሁሉ ሚጠይቀው ጥያቄ፣ ዩሬቴን ወይስ ፐርል ሪአክቲቭ ወይስ ጭራሽ ፕላስቲክ?

ዩሬቴን በፈረንጅ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ያለ የኳስ ቆዳ ነው፣ አሁን ተመልሶ መጥቷል። ጥሩ ጎኑ አይዘልም። ደረቁ ላይ ሲደርስ እንደ ሪአክቲቭ ድንገት አይሰበርም፣ እንደ መንገድ ቀስ ብሎ ነው ሚታጠፈው፣ ስለዚ በጣም ለሚያሽከረክሩ ሰዎችና በሁለት እጅ ለሚጥሉ ልጆች ደረቅ ሌን ላይ ሰላም ይሰጣል። መጥፎ ጎኑ ግን ቶሎ መንከባለል ይጀምራል። ሄድሱ ከደረቀ ያ ተኝቶ የቀረ 6 ቁጥር ያልኳችሁ በዩሬቴን ይብሳል፣ ቀስ ብሎ ለሚጥልና ለማያሽከረክር ሰው ፒን ጋ ሲደርስ ጉልበት አይኖረውም። ሌላም አለ፣ ዘይቱን ስለማይመጠው ወደፊት ይገፋዋል፣ ከደረቁ ጀርባ እርጥብ ነገር ይፈጥራል፣ ከናንተ በኋላ ሚጥለው የቲማችሁ ሰው ኳሱ ለምን እንደማይዞርለት ግራ ይገባዋል። ቲም ውስጥ ሁለት ሰው ዩሬቴን ከያዘ ተነጋገሩ፣ ይሄ የግል ጉዳይ አይደለም።

ፐርል ሪአክቲቭ የተወለወለ ሲሆን ሄድሱን አልፎ ይሄዳል፣ ጉልበቱን ይዞ ይደርሳል፣ ፒን በደንብ ይበትናል። ችግሩ ጫፍ ላይ ሌኑ በጣም ከደረቀ ስለታም ይሆናል፣ ትንሽ ስትስቱ ትልቅ ይቀጣል። ለመካከለኛ ተጫዋች፣ ማለት ከ300 እስከ 400 ለሚያሽከረክርና ሰዓት ላይ 16 ወይ 17 ማይል ለሚጥል፣ ከሦስቱ እሱን እመርጣለሁ ያለምንም ማመንታት።

ፕላስቲክ። ይሄን ለስትራይክ (ሁሉንም ፒን በአንድ ውርወራ ለመጣል) መጠቀም ሚያፍሩ ሰዎች አሉ፣ ማፈር አያስፈልግም ግን ሂሳቡን እወቁት። ኳስ ፖኬት ሲገባ 6 ዲግሪ አካባቢ ገብቶ ነው ፒን በደንብ ሚጥለው። ቀጥ ብሎ ሚሄድ ኳስ ከቦዩ ጠርዝ ተነስቶ እንኳን ቢጣል 2 ዲግሪ አይሞላም፣ ሌኑ ጠባብና ረጅም ስለሆነ። ስለዚ በፕላስቲክ ቀጥ አርጋችሁ ስትጥሉ ስትራይኩ ይቀንሳል፣ ስፔሩ (የቀረውን በሁለተኛ ውርወራ መጣል) ይበዛል። ሌኑ ጭራሽ ሲሞት ግን፣ ሦስተኛ ጌም ላይ ምንም ዓይነት ሪአክቲቭ ፖኬት ውስጥ ማይቆይ ከሆነ፣ ፕላስቲክ ላይ ትንሽ እጅ ጨምሮ መጣል 9 እና ስፔር፣ 9 እና ስፔር እያረገ 180 ይሰጣችኋል፣ ከሪአክቲቭ ጋ ስትታገሉ ግን ሁለት ትልቅ ስፕሊት (ተራርቀው የቀሩ ፒኖች) አንድ ጌም ሙሉ ይበላል። ሃንዲካፕ ሊግ (አማካዩ ዝቅ ላለ ሰው ነጥብ ሚጨመርበት) ላይ ደሞ 180 ብዙ ማታ ያሸንፋል።

አማራጭ ሦስት፦ እጅ፣ ፍጥነት፣ ሎፍት

ፍጥነት መጨመር ከሁሉም አሳሳች ነው። በወሬ ደረጃ ትክክል ነው፣ ፈጥኖ ሚሄድ ኳስ ለመያዝ ጊዜ አያገኝም። ግን ሰው ፍጥነት ጨምር ሲባል ክንዱን ነው ሚያጠነክረው፣ ክንድ ሲጠነክር ኳሱ ወደ ግራ ይጎተታል፣ ደረቅ ሌን ላይ ወደ ግራ የተጎተተ ኳስ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። መጨመር ካለባችሁ በክንድ ሳይሆን ኳሱን ከፍ አርጎ በመጀመር ነው፣ ደረት ጋ ምትይዙትን ትከሻ ጋ ያዙት፣ ወይም እግር ፈጠን አርጉ። አንድ ማይል ካገኛችሁ በቂ ነው። ይሄን ደሞ ልምምድ ላይ ያልሞከረ ሰው ሊግ ላይ አይጀምረው።

እጅ ይሻላል። ኳሱን በጎን ከማሽከርከር ይልቅ ከኋላው ሆናችሁ ወደፊት ካሽከረከራችሁት መጠምዘዙ ይቀንሳል፣ መልቀቂያው ላይ መዳፋችሁ ወደ ፒኑ እንዲያይ ነው ምትፈልጉት፣ እጅ እንደሚጨብጥ ሰው ወደ ጎን ሳይሆን። እዚ ላይ ዋልተር ሬይ ዊሊያምስ ጁኒየርን እዩት፣ ቪዲዮው ሞልቷል፣ 47 የፒቢኤ (የፕሮፌሽናል ቦውለሮች ማኅበር) ዋንጫ ያለው ሰው ነው፣ ከሱ በላይ የለም፣ አጣጣሉ ደሞ ቀጥ ያለ፣ ወደፊት ሚንከባለል፣ ምንም ትልቅ ኩርባ የሌለው። ስትራይክ ትልቅ ኩርባ ብቻ ነው ሚያመጣው ብሎ ሚያስብ ሰው እሱን ካየ በኋላ ሃሳቡን ይቀይራል።

ሎፍት፣ ኳሱን ፋውል ላይኑን አሳልፎ አየር ላይ መልቀቅ፣ ሄድሱ ብቻ ሲደርቅ ይሰራል። ሦስት አራት ጫማ ካለፈ ከዛ የደረቀ መሬት ያንን ያህሉን አልነካም ማለት ነው። ግን ሲያርፍ ሚጮኸው ድምፅ ሠራተኞቹን ያስቆጣል፣ ሌኑንም ይጎዳል፣ አውራ ጣት ቀዳዳው ልካችሁ ካልሆነም ጣታችሁ ይያዝና ጉዳቱ ክርን ላይ ይቀራል። እኔ አልጠቀምበትም።

ወደ ዳር መሄድስ?

ይሄ ሁሉም ሚረሳው አማራጭ ነው፣ ወደ ግራ ሳይሆን ወደ ቀኝ። መጀመሪያ ላይ ያልኩት ልዩነት እዚ ጋ ነው ሚጠቅመው። ትራኩ ብቻ ከተቃጠለ ዳር መሄድ ከንቱ ነው፣ ዳሩ ከመጀመሪያውም ስስ ነበር። ግን ሌኑ ሙሉ በሙሉ ጥቂት ዘይት ያለው ከሆነ፣ ወይም ዘይቱ አጭር ከሆነ፣ ነገሩ ይገለበጣል። አንድ ሂሳብ አለ፣ ከዘይቱ ርዝመት 31 ቀንሱ፣ የቀረው ኳሱ ዘይቱን ሲጨርስ መሆን ያለበት ቦርድ ነው። 40 ጫማ ከሆነ 9ኛ ቦርድ፣ 36 ጫማ ከሆነ 5ኛ። ሲያጥር ወደ ዳር ይወስዳችኋል ማለት ነው። ስለዚ አንደኛው ቀስት ላይ፣ 5ኛው ቦርድ፣ ቀጥ አርጎ ከቦዩ ጎን ለጎን ማስኬድ፣ በፕላስቲክ ወይም በዩሬቴን። በዕድሜ ገፋ ላሉ፣ ቀስ ብለው ለሚጥሉ፣ ብዙ ለማያሽከረክሩ ሰዎች ይሄ ወደ ግራ ከመሄድ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም እነሱን ወደ አራተኛ ቀስት መላክ የሌላቸውን ጉልበት መጠየቅ ነው። ጋሼ ማታ ማታ ሚጥሉት እንደዚ ነው፣ የሳቸው ኳስ ከቦዩ አንድ ጣት ርቃ ትሄድና መጨረሻ ላይ ትንሽ ገባ ትላለች። ትክክለኛነት ይጠይቃል፣ ሁለት ቦርድ ቀኝ ብትስቱ ቦይ ነው። እሳቸው አይስቱም።

ታዲያ አንድ ማታ ላይ እንዴት ይሄዳል

የኔን ልንገራችሁና እናንተ በራሳችሁ ልክ አስተካክሉት። ልምምድ 10 ደቂቃ ነው ሚሰጠን፣ ከዛ ውስጥ የመጀመሪያዋን ኳስ በደካማዋ ፐርል ነው ምጥለው፣ በጠንካራዋ አይደለም። እግር 25ኛ ቦርድ፣ ዒላማ 13ኛ ቦርድ። ከፍ ካለች ወዲያው 28 እና 15። ጥንዱ ውስጥ ያሉት ሁለት ሌኖች አንድ አይደሉም፣ ይሄን በደንብ ያዙት፣ ግራው ሌን ከቀኙ ሦስት ቦርድ ሊለይ ይችላል፣ ስለዚ ለየሌኑ ለየብቻ ቁጥር እይዛለሁ፣ ስልኬ ላይ እጽፈዋለሁ።

አንደኛው ጌም ላይ እግር ብቻ ነው ምነካው። ሁለተኛው ጌም መሀል ላይ፣ ኳሷ አሁንም ፖኬት እየገባች ግን 10 ቁጥር በተደጋጋሚ እየቀረ ከሆነና 6 ቁጥር እዛው ተኝቶ ካየሁት፣ 2 እና 1 ግራ፣ ካልተስተካከለ እጄን ከኋላዋ አደርጋለሁ። ሦስተኛው ጌም ላይ እግሬ 33 ወይ 34 ደርሶ ከሆነና አሁንም ከፍ ካለች፣ አልሟገትም፣ ፕላስቲኳን አወጣለሁ፣ ሁለተኛው ቀስት ላይ ተመልሼ ቀጥ አርጌ እጥላለሁ። ይሄን ውሳኔ ምወስነው ሦስት ተከታታይ መጥፎ ፍሬም ጠብቄ ሳይሆን ከሁለተኛው በኋላ ነው፣ ጌም 10 ፍሬም ብቻ ነው ያለው።

አንድ ጊዜ ይሄን ሳላደርግ ቀርቼ ነው የሲዝኑን የመጨረሻ ማታ ያጣነው። በጥቂት ፒን። ዘጠነኛ ፍሬም ላይ ጠንካራዋን ኳስ ይዤ ዝም ብዬ ፍጥነት ጨምሬ ጣልኩ፣ 3 እና 10 ቀረ፣ ስፔሩንም ሳትኩት በዛው ኳስ ስለሞከርኩ፣ ከሁለቱ ፒኖች ፊት ታጥፋ አለፈች። ቲሙ ምንም አላለኝም፣ ጋሼም ዝም አሉ፣ እሱ ነው የከበደኝ።

ስለዚ ስፔር ላይ ድርድር የለም። ሌኑ ሲደርቅ ለስትራይክ ምንም ምረጡ፣ ለ10 ቁጥር፣ ለ6 እና 10፣ ለ3 እና 10፣ ባጠቃላይ በቀኝ ላለው ሁሉ፣ ፕላስቲክ ነው፣ ከግራ በኩል ቆማችሁ ሌኑን በሰያፍ አቋርጣችሁ፣ መሀሉ ላይ ባለው ዘይት አሳልፋችሁ። ፕላስቲክ ኳስ ከሌላችሁ ከመደርደሪያው ላይ ካሉት የቤቱ ኳሶች ለጣታችሁ ሚሆነውን ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ምረጡና ቲማችሁ ጋ አስቀምጡት። ከፒቢኤ ተጫዋች እስከ ልደት ፓርቲ ልጅ ድረስ 10 ቁጥር አንድ ፒን ነው፣ ማታ ላይ ደሞ አምስት ስድስቴ ይጠብቃችኋል።